ልብን በመብራት የሠሩት ሊቅ

የራዲዮን ቴክኒክ የተማረ ሰው የባልታዛር ቫን ደር ፖልን ስም ሳይሰማ አይቀርም። እኒሁ ሆላንዳዊ ሊቅ ሐኪም ሳይሆኑ የልብን ትርታ ሕመም ለማስረዳት ያደረጉት ድካም ግን በራዲዮው ዝና ተሸፍኖ ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የተወለዱት በ1889 በኡትሬክት ከተማ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በለንደን ከፍሌሚንግ፣ በካምብሪጅ ከቶምሰን ዘንድ ዕውቀታቸውን አዳበሩ። ሲመለሱም የታላቁ ሊቅ የሎሬንትዝ ረዳት ሆኑ፤ በ1922 በአይንድሆቨን ወደሚገኘው የፊሊፕስ ኩባንያ ላቦራቶሪ ገቡ።

በዚያ ሳሉ አንድ ዓይነት ንዝረት ሐሳባቸውን ሳበው። ይኸውም እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም እኩል የሚወዛወዝ ሳይሆን፣ ኃይል ቀስ እያለ ሲጠራቀም ይቆይና በቅጽበት የሚለቀቅ፣ ከዚያም እንደገና መጠራቀም የሚጀምር ነው። ጠብ ጠብ በሚል ውኃ ሞልቶ በድንገት የሚደፋ ዕቃ ምሳሌው ይሆናል። በ1926 ይህን በሒሳብ ገለጹት፤ ቀመሩም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ጠባይ በያለበት ያዩት ጀመር፦ በነፋስ በሚውለበለብ ሰንደቅ ዓላማ፣ ሲጥ ሲጥ በሚል በር፣ እየተመላለሰ በሚመጣ የኢኮኖሚ ቀውስ ጭምር። አንዳንዱ ምሳሌያቸው የተጋነነ ይመስለኛል። ወደ ልብ ሲመጡ ግን ጥሩ ቦታ አገኙ።

በ1928 ከባልደረባቸው ከቫን ደር ማርክ ጋር፣ በኒዮን መብራት የሚሠሩ ሦስት ክፍሎች ያሉት የኤሌክትሪክ ልብ አቀረቡ። አንደኛው ትርታ የሚነሣበትን ሥፍራ፣ ሁለተኛው የልብን የላይኛ ክፍሎች፣ ሦስተኛው የታችኞቹን ይወክላል። እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ሊመታ ይችላል፤ ነገር ግን ምልክቱ ከላይ ወደ ታች ብቻ ስለሚተላለፍ ፈጣኑ ፊተኛው ሌሎቹን ይመራል። ምልክቱ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲያልፍም፣ በእውነተኛው ልብ እንደሚሆነው፣ ጥቂት ይዘገያል።

ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚያገናኛቸውን መሥመር እያደከሙ ሲሄዱ የታችኛው ክፍል አልፎ አልፎ ምት ይዘል ጀመር፤ መሥመሩ ፈጽሞ ሲቋረጥም በራሱ ዝግተኛ ስልት ብቻውን መታ። ሐኪሞች ይህን ሕመም ያውቁታል። በእርሱ የተያዘ ሰው ምቱ እጅግ ዘግይቶ ድንገት ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። በመሣሪያው ውስጥ ግን ከሦስቱ ክፍሎች አንዱም አልተበላሸም፤ የላላው ግንኙነታቸው ብቻ ነበር።

እርግጥ፣ መሣሪያው ሶዲየምና ፖታሲየም በልብ ሕዋስ ግድግዳ እንዴት እንደሚመላለሱ አይነግርም። ይህን በኮምፒውተር አስልቶ ያሳየው በለንደን የነበረው ዴኒስ ኖብል ነው፤ ጊዜውም 1960 ነበር።

ቫን ደር ፖል በ1949 ከፊሊፕስ ተሰናብተው በጄኔቫ የዓለም አቀፉ የራዲዮ አማካሪ ኮሚቴ ዲሬክተር ሆኑ፤ እስከ 1956 ሠርተው በ1959 በአገራቸው አረፉ። በሁለተኛው ዓመት አሜሪካዊው ፊትዝህዩ ቀመራቸውን አሻሽሎ የነርቭን ምልክት ለመግለጽ አዋለው። የተዛባ የልብ ትርታን በኮምፒውተር የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም ከዚሁ የወጡ ቀመሮችን ይጠቀማሉ።