ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት መድፍ

በደብረ ታቦር ያደገ ተማሪ የጋፋትን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ከከተማችን ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኘው ይህች ስፍራ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት ናት።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸውም ካሣ ኃይሉ ነው። ገና ሳይነግሡ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ቢገጥሙ፥ ምሽግ ይዞ በመድፍ የሚተኩሰው ጠላት ጀግና ሠራዊታቸውን በተነው። ያን ቀን የረሱት አይመስለኝም፤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ሐሳባቸው ከመድፍ አልተለየምና።

በጋፋት የሰፈሩት አውሮፓውያን፥ እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር፥ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበር። ንጉሡ መድፍ ሥሩ ባሏቸው ጊዜ ግን እምቢ ማለት አልተቻላቸውም። እቶን ሠሩ፤ ሙከራው ከሸፈ፤ እንደገና ጀመሩ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀልጦ ወጣ። ስሙ ሩስያ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋር ስትዋጋ በከበባ ከታወቀችው የክሪሚያ ከተማ የተወሰደ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ይህን መጻፍ ለአገሩ ልጅ ደስ አይልም፤ ነገር ግን የሆነ ነው። ሴባስቶፖልን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ፥ ገደሉን እየናዱ መንገድ እያበጁ፥ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ አሻገሩት። ንጉሡ ራሳቸውም ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው።

በዚያን ጊዜ ጄኔራል ናፒየር የታሰሩትን አውሮፓውያን ሊያስፈታ ከዙላ ገሥግሦ ቀርቦ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት ዕለት፥ አሮጌ በተባለው ሜዳ ውጊያ ሆነ። በንጉሡ ስም ቴዎድሮስ ተብሎ የተጠራው ሌላው ትልቅ መድፍ ባሩዱ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። እንግሊዞችም ሮኬት ተኮሱ፤ የዚያ ዘመን ሮኬት ዒላማውን እምብዛም የሚጠብቅ አልነበረም። እነርሱ ግን በእርሱ ብቻ አልተማመኑም፤ ከኋላ የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃ በእንግሊዛውያኑ ወታደሮች እጅ ሳያቋርጥ ይተኩስ ነበር። የመሣሪያ ብርታት በተፈለገበት ሰዓት መሥራቱ እንጂ ክብደቱ አለመሆኑ እዚያ ታየ።

ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው፤ እስከዚያ መሄድ ያልቻለ ሰው አዲስ አበባ፥ ቴዎድሮስ አደባባይ፥ አምሳያውን ማየት ይችላል።