አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ)፦ የድመት ግልገል ስም ያወጣችላቸው ሶሐባ

በረመዳን መስጂድ ገብቶ ሐዲስ ያዳመጠ ሰው የአቡ ሁረይራን (ረ.ዐ) ስም ሳይሰማ አይወጣም። ዑለማዎች እንደቆጠሩት በእርሳቸው በኩል የተላለፉት ሐዲሶች 5374 ይደርሳሉ፤ ከሶሐቦች መካከል ይህን ያህል ያስተላለፈ ሌላ የለም። ልጆቻችን የስሙን ትርጉም ሲጠይቁን ግን መልሱ ፈገግ ያሰኘናል። ሁረይራ ማለት ትንሽ ድመት ነው፤ አቡ ሁረይራ ደግሞ የትንሿ ድመት አባት።

በእስልምና የተጠሩበት ስም ዐብዱረሕማን ነው። ትውልዳቸው ከየመን ወገን ከሆነው ከደውስ ጎሳ ሲሆን፣ የቤተሰባቸውን ፍየሎች እየጠበቁ ነበር የሚኖሩት። በዚያን ጊዜ አንዲት የድመት ግልገል ነበረቻቸው። ሲመሽ ዛፍ ላይ ያሳድሯታል፤ ሲነጋ አውርደው ወደ ግጦሹ ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ፍየሎቹ ሲግጡ ከእርሷ ጋር ሲጫወቱ ይውላሉ። ይህን ያዩ ሰዎች ያወጡላቸው ስም እስከ ዛሬ አብሯቸው አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ሂር እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ድመት ያለው ቤተሰብ የዛፉን ነገር ቶሎ ይረዳዋል። ድመት ከፍታ ትወዳለች፤ ቁም ሳጥን ጫፍ ላይ ወይም አጥር ላይ ወጥታ ማንም ሳይደርስባት ሁሉን ታያለች። ቀኑን አብዛኛውን በእንቅልፍ አሳልፋ፣ ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ደግሞ ትነቃለች። በረመዳን ሱሁር ስንነሳ ቀድማን ኩሽና የምትገኘው፣ ለመግሪብ ስንሰናዳም እግራችን ሥር የምትሽከረከረው ለዚህ ነው። የእኛ የማዕድ ሰዓት የእርሷም የንቃት ሰዓት ነው።

አቡ ሁረይራ መዲና የገቡት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ የኸይበር ዘመቻ በተካሄደበት ወቅት ነው። በነቢዩ መስጂድ ጥግ ከሚጠለሉት ድሆች፣ ከአህለ ሱፋዎች ጋር ተቀላቀሉ። ሌሎች ለገበያና ለእርሻ ሲሰማሩ እርሳቸው ትምህርቱ እንዳያመልጣቸው ከነቢዩ አይለዩም ነበር። ዋጋው ረሃብ ነበር። ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያስሩ ነበር። አንዳንዴም የሚያውቁትን የቁርኣን አንቀጽ እንደማያውቅ ሆነው መንገደኛውን ይጠይቁታል፤ ምናልባት ቤቱ ወስዶ ቢያበላቸው ብለው ነው።

አንድ ቀን እንዲሁ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሳለ ሁኔታቸው የገባቸው ነቢዩ ነበሩ። ቤት ሲገቡ በስጦታ የመጣ አንድ ገበቴ ወተት አገኙ፤ ነቢዩም የሱፋ ሰዎችን ሁሉ እንዲጠሯቸው አዘዟቸው። አቡ ሁረይራ ለእኔ ምን ይተርፈኛል ብለው ቢጨነቁም ታዘዙ። ገበቴው ዞሮ ሁሉም ጠጥተው ረኩ፤ ከዚያ እርሳቸው ቦታ እስኪያጡ ጠጡ፤ መጨረሻ ላይ የቀረውን ነቢዩ ጠጡት።

በዚያ የችግር ጊዜ ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት ደግሞ ከእኛ ምድር የተመለሱትን ሰው ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በንጉሥ ነጃሺ ጥላ ሥር በሐበሻ ኖረው መዲና የደረሱት በዚያው በኸይበር ወቅት ነበር። ድሆችን ቤታቸው ወስደው ያገኙትን ያበሏቸዋል። ምንም ሲጠፋ ባዶውን የቅቤ ስልቻ ያወጡላቸውና ቀደው ይልሱት ነበር። አቡ ሁረይራ ይህን ውለታ ለትውልድ አስተላልፈዋል። ነጃሺ ሲሞቱ ነቢዩ ዜናውን መናገራቸውንና በሩቅ ሆነው እንደሰገዱላቸው ካስተላለፉትም አንዱ እርሳቸው ናቸው።

ረሃብን ያወቁት እኚህ ሰው ስለ ተራቡ እንስሳት የሚናገሩ ሐዲሶችንም አድርሰውናል። አንዲት ሴት ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት ስለሞተችባት ለእሳት ተዳረገች። በጥም የሚያለከልክ ውሻ ያየ ሰው ደግሞ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ ስላጠጣው አላህ ማረው። ሁለቱም ታሪኮች በእርሳቸው በኩል ደርሰውናል።

ስለ ድመት በሕዝብ ዘንድ የሚነገር ሁሉ ግን ሐዲስ አይደለም። ነቢዩ የተኛችባቸውን ድመት ላለመቀስቀስ እጅጌያቸውን ቆረጡ የሚለው ተረክ በታወቁት የሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው የአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው፦ ለውዱእ ከተቀዳላቸው ውኃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለውላታል፤ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በዙሪያችን ከሚዘዋወሩት አንዷ መሆኗን ከነቢዩ ሰምተው ነበርና።

ይህ ሁሉ ዛሬ ቤታችንን የሚመለከት ነው። ከጠገበች አይጥ አትይዝም ብለን ድመት እናስርባለን፤ ድመት ግን ጠግባም ታድናለች፤ አደን ተፈጥሮዋ ነው። ወለደች ብለን ግልገሎቿን በጆንያ ከትተን ራቅ አድርገን የምንጥል አለን። ልጆች አንገቷን በገመድ አስረው ሲጎትቱ ጨዋታ ነው ብለን እናልፋለን። ከኢፍጣር ማዕድ ጥቂት ሥጋ ብንተውላት መልካም ነው፤ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ግን ይጎዳታል። ወተትም የብዙ ድመቶችን ሆድ ያውካል፤ ንጹሕ ውኃ ይበቃታል።

ለአቡ ሁረይራ ኑሮ ኋላ ተቀይሯል። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን የባሕሬን አስተዳዳሪ ሆነዋል፤ በመዲና በምክትልነት ሲያስተዳድሩም የማገዶ እንጨት ተሸክመው በገበያ መሃል ያልፉ ነበር። ሌሊቱን ከባለቤታቸውና ከአገልጋያቸው ጋር ለሦስት ተከፋፍለው በየተራ ይሰግዱ ነበር። በ59ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ መዲና አካባቢ አርፈው በበቂዕ ተቀበሩ።

በአስተዳዳሪነት ማዕረጋቸው የሚጠራቸው ዛሬ የለም። የምናስታውሳቸው ፍየል ሲጠብቁ በተንከባከቧት ግልገል ስም ነው። ልጆቻችንም በዚህ ወር ለደካማ ፍጡር በሚያደርጉት እንክብካቤ የሚታወቁ ያድርግልን። ጾማችንን አላህ ይቀበለን። ረመዳን ሙባረክ።