ወይዘሪት ኤለን ዊልኪንሰን፤ የድኾች ልጆች ባለውለታ

ለመጽሔታችን የአንድ ዝነኛ ሰው ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ የመረጥሁት፥ ከሠራተኛ ቤት ተወልደው በብዕራቸውና በአንደበታቸው ለድኻ የተሟገቱትን እንግሊዛዊት ወይዘሪት ኤለን ዊልኪንሰንን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ወይዘሪት ኤለን በ1891 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አስቀድሞ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ፥ ኋላም የኢንሹራንስ ወኪል ነበሩ። ልጅቱ ትምህርት ወዳድ ነበሩና በ1910 ተወዳድረው ነጻ የትምህርት ዕድል በማግኘት በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተማሩ፤ ቀጥሎም የሠራተኞች ማኅበር አደራጅ ሆኑ።

በ1924 ለፓርላማ ሲመረጡ በምክር ቤቱ የነበሩት ሴቶች አራት ብቻ ሲሆኑ፥ ከሌበር ፓርቲ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፥ ጠጕራቸው ቀይ፥ ንግግራቸው ግን እንደ እሳት ነበር። በ1926 ስለ ተደረገው ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ «ክላሽ» የተባለ ልብ ወለድ ጽፈው በ1929 አሳተሙ። በ1931 በምርጫ ሲሸነፉም ለጋዜጣ መጻፋቸውንና የማኅበሩን ሥራ አልተዉም።

በ1935 የጃሮው ከተማ ሕዝብ እንደ ራሴው አድርጎ መረጣቸው። የከተማው የመርከብ መሥሪያ ተዘግቶ ብዙው ሠራተኛ ሥራ ፈት ሆኖ ነበር። በጥቅምት 1936 ሁለት መቶ ወንዶች 450 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጕዘው ሎንዶን ሲገቡ፥ ወይዘሪት ኤለን ብዙውን መንገድ አብረዋቸው ሄዱ። ከ11,000 ሰው በላይ የፈረመበትንም አቤቱታ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የዚያን ጊዜ ግን አንበሳው አልታሰረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጓዦቹን ለማነጋገር እንኳ ፈቃደኛ አልሆኑም። እርሳቸው ግን የከተማውን በደል በ1939 በመጽሐፍ አወጡት።

በ1945 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ ለዚህ ሥልጣን የበቁ የመጀመሪያዪቱ ሴት ናቸው። በ1946 ተማሪዎች ወተት በነጻ እንዲያገኙ ተደረገ። የግዴታ ትምህርት እስከ 14 ዓመት የነበረው እስከ 15 ከፍ እንዲል ታስቦ ሳለ፥ ክፍልም መምህርም አይበቃም በማለት ሌሎች ሚኒስትሮች ሊያዘገዩት ፈለጉ። ወይዘሪት ኤለን ግን የሚጐዳው የድኻ ልጅ ነው ብለው ተከራክረው ረቱ።

ነገር ግን የካቲት 6 ቀን 1947 በ55 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነው። የደከሙበትን ፍሬ ሳያዩ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ቀረባቸው።

እኔም ታሪካቸውን ሳነብ፥ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥባት እያንዳንዷ ዓመት የአንድ ሰው ድካም እንዳለባት ተረዳሁ። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ጊዜያችንን በከንቱ አናጥፋ።