የማኅተማ ጋንዲ መሐላና የፍየል ወተት

የሰው ልጅ የሚበላውን ሲመርጥ ሆዱን ብቻ አይጠይቅም። ሃይማኖቱን፣ ወላጆቹን፣ ኪሱንና ኅሊናውንም ይጠይቃል። ከዚህም የተነሣ ስለ ምግብ የሚሰጥ ምክር ብርቱ ጥንቃቄን ይሻል። ክኒኑን ያለ ማንገራገር የሚውጥ ሕመምተኛ እንቁላል ብላ ሲባል እምቢ ሊል ይችላል፤ እምቢታውም ካለማወቅ ሳይሆን ከጽኑ እምነት የመነጨ ሊሆን ይችላል። ሥጋን ብቻ ሳይሆን ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ጭምር ለዘለቄታው መተው፣ ማለትም ዛሬ ቪጋን የሚባለው አመጋገብ፣ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ያከራክራል። አንዱ ወገን የጽድቅ መንገድ ሲያደርገው ሌላው ወገን የሞኝነት ምልክት ያደርገዋል። ይህን ክርክር በገዛ ሥጋው ላይ እስከ ሞት አፋፍ ድረስ ከፈተኑት ሰዎች አንዱ ማኅተማ ጋንዲ ነው። ለሕንድ ነጻነት ያደረገው ተጋድሎ በብዙ ተጽፏል፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከማዕዱ ጋር ያደረገውን ተጋድሎ ለሙያ ባልደረቦቻችን ማቅረብ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ኦክቶበር 2 ቀን 1869 በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ምድር በምትገኘው በፖርባንዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ካራምቻንድ የዚያች ትንሽ ግዛት ዋና ሚኒስትር ነበር። ቤተሰቡ ቪሽኑን የሚያመልክ ሂንዱ ሲሆን፣ በአካባቢው ደግሞ ሕይወት ያለውን ፍጡር ሁሉ መጉዳት ኃጢአት ነው ብለው የሚያምኑ የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች ብዙ ነበሩ። ስለዚህ በጋንዲ ቤት ሥጋና እንቁላል ነውር፣ ወተትና ቅቤ ግን ንጹሕ ምግብ ነበሩ። እናቱ ፑትሊባይ የታወቀች ጾመኛ ነበረች። በአንድ የዝናብ ወራት ፀሐይን ሳታይ እህል ላትቀምስ ተስላ፣ ልጆቿ ደጅ ቆመው ደመናው የሚገለጥበትን ጊዜ ይጠባበቁላት ነበር። ልጁ መከልከልን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቱ ነው።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ግን የወረሰውን ልማድ ጣሰ። በዚያን ጊዜ በወጣቶቹ ዘንድ እንግሊዞች ሕንድን ሊገዙ የቻሉት ሥጋ በመብላታቸው ስለ ጠነከሩ ነው የሚል አስተሳሰብ ተሰራጭቶ ነበር። ሼክ መህታብ የተባለ ጉልበተኛ ጓደኛው በዚህ አግባባውና ጭር ካለ የወንዝ ዳር ወስዶ የፍየል ሥጋ አበላው። የዚያን ሌሊት ጋንዲ በሆዱ ውስጥ ፍየል የምትጮኽ መስሎት እንቅልፍ አጣ። ይሁን እንጂ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ስድስት ጊዜ ያህል በስውር ሥጋ በላ። በመጨረሻ ያስተወው የእንስሳው ሥቃይ ሳይሆን ለወላጆቹ መዋሸቱ ነበር። እነርሱ በሕይወት እስካሉ ላለመብላት፣ ካለፉ በኋላ ግን በግልጥ ለመብላት ወሰነ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ጋንዲ በአፉ ጿሚ፣ በልቡ ግን ሥጋ በል ነበር ማለት ይቻላል።

በ1888 ሕግ ለመማር ወደ ለንደን ሊሄድ ሲነሣ እናቱ ስለ ልጇ ፈራች። እርሱም በአንድ የጃይን መነኩሴ ፊት ከመጠጥ፣ ከሴትና ከሥጋ ሊርቅ ማለላት። ለንደን ሲደርስ መሐላው ራብ ሆነበት። ያረፈበት ቤት የሚያቀርብለት ቅጠላ ቅጠልና ጥቂት ዳቦ አያጠግበውም፤ ተጨማሪ ለመጠየቅም ያፍር ነበር። አንድ ወዳጁ የፈላስፋውን የቤንታምን መጽሐፍ እያነበበለት፣ ባልተማረች እናት ፊት የተደረገ መሐላ ዋጋ የለውም በማለት ሊያሳምነው ሞከረ። ጋንዲ ለክርክሩ መልስ ባይኖረውም መሐላውን አላፈረሰም። የሚስማማውን ምግብ ፍለጋ በየቀኑ እስከ 19 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይዞር ነበርና፣ አንድ ቀን በፋሪንግደን መንገድ የአትክልት ተመጋቢዎች ምግብ ቤት አገኘ። በመስኮቱ ከተደረደሩት መጻሕፍት መካከል ሄንሪ ሶልት በ1886 ያሳተመውን ስለ አትክልት አመጋገብ የሚሟገት መጽሐፍ ገዝቶ ገባ፤ እንግሊዝ ከደረሰ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ።

ያ መጽሐፍ የጋንዲን አቋም ለወጠው። እስከዚያች ቀን ድረስ ሥጋ ያልበላው ለእናቱ ቃል ሲል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በራሱ ፈቃድና ሚዛን ሆነ። የለንደን አትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ አባል ሆኖ አገለገለ፤ በ1891ም በማኅበሩ ወገን በሚታተም ጋዜጣ ላይ ስለ ሕንድ ምግብ ጻፈ። በዚሁ ጊዜ ያጋጠመው አንድ ነገር ኋላ ለሚሆነው ሁሉ መለኪያ ስለሚሆነን ልብ ልንለው ይገባል። እንቁላል ከሥጋ አይቆጠርም የሚል ትምህርት አንብቦ ለጥቂት ጊዜ እንቁላል በልቶ ነበር። ሆኖም መሐላ መተርጎም የሚገባው በማለው ሰው ብልሃት ሳይሆን መሐላውን በተቀበለው ሰው አሳብ ነው ብሎ ፈረደ። እናቱ እንቁላልን ከሥጋ ትቆጥር ስለ ነበር እንቁላሉን ተወ።

ጠበቃ ሆኖ በ1893 ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ በኋላ ጥያቄው ከራሱ አልፎ ወደ ቤተሰቡ መጣ። በ1902 በቦምቤይ ሳለ የ10 ዓመት ልጁ ማኒላል በአንጀት ተስቦና በሳንባ ምች ተያዘ። ሐኪሙ እንቁላልና የዶሮ መረቅ እንዲሰጠው መከረ። ጋንዲ ምክሩን ሳይቀበል ሐኪሙን ግን አላሰናበተም፤ የልጁን የልብ ምትና ደረት እየመረመረ እንዲነግረው ለመነው፤ ራሱም በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለለና የብርቱካን ጭማቂ እያጠጣ አስታመመው። ልጁ ዳነ። ኋላም በደቡብ አፍሪካ ባለቤቱ ካስቱርባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በደከመች ጊዜ ሐኪሟ የበሬ ሥጋ መረቅ ካልጠጣች በቤቱ እንደማያቆያት አስታወቀ። ተጠይቃ በፍጹም አልጠጣም ያለችው ግን ራሷ ካስቱርባ ነበረች። በዝናብ ተሸክመው ወሰዷት፤ እርሷም አገገመች። የሙያ ባልደረቦች እነዚህን ሁለት ታሪኮች በእኩል ዓይን ማየት የለባቸውም። አንደኛው በገዛ አካሏ ላይ የወሰነች አዋቂ ሴት ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ግን አባቱ የወሰነለት የሕፃን ታሪክ ነው። ጋንዲም ቢሆን ልጁን ያዳነው የእግዚአብሔር ቸርነት ይሁን፣ ውኃው ይሁን ወይም አመጋገቡ፣ ለመወሰን አልደፈረም።

እስከዚህ ድረስ ወተት ከማዕዱ አልጠፋም ነበር። ወተት የሥጋን ምኞት ያነሣሣል የሚለውን አሳብ ቀደም ሲል ከጃይኑ ሊቅ ከራይቻንድባይ ሰምቷል። በኋላ ደግሞ የወተት ነጋዴዎች ላሞችና ጎሾች ያላቸውን ወተት ሁሉ እንዲሰጡ ሲሉ የሚፈጽሙባቸውን ጭካኔ የሚገልጡ ጽሑፎች ከካልካታ ደረሱት። በ1912 ከጀርመናዊው ወዳጁ ከኸርማን ካለንባኽ ጋር በጆሃንስበርግ አጠገብ በሚገኘው በቶልስቶይ እርሻ ሳሉ ሁለቱም ወተትን ላይቀምሱ ማሉ። ምግባቸው ለውዝ፣ ሙዝ፣ ቴምር፣ ሎሚና የወይራ ዘይት ሆነ። ቪጋን የሚለው ስም ገና ባልተፈጠረበት ዘመን ጋንዲ በኑሮው ወደዚያ ደረሰ። በ1914 በለንደን የሳንባው ሽፋን ተቆጥቶ በታመመ ጊዜ፣ እንደ መምህሩ የሚያከብረው ጎካሌ ወተት እንዲጠጣ አጥብቆ ቢለምነው፣ አንድ ሌሊት አስቦበት እምቢ አለ።

ዋናው ፈተና የመጣው በ1918 ነው። በኬዳ አውራጃ ለእንግሊዝ ጦር ወታደር ለመመልመል በየመንደሩ ሲዞር ምግቡ በአብዛኛው የተፈጨ ለውዝና ሎሚ ነበር። በነሐሴ ወር ብርቱ ተቅማጥ ያዘው። መጀመሪያ ላይ መድኃኒትም ምግብም አልቀበል በማለቱ ሰውነቱ አለቀ፤ ሞቱ እንደ ቀረበ አምኖ ለወዳጆቹ የስንብት ያህል ተናገረ። ወራት አልፈው አቅሙ አልመለስ ሲል በ1919 መጀመሪያ በቦምቤይ ዶክተር ዳላል መረመረው፤ ወተት ካልጠጣ በስተቀር ሰውነቱን መልሶ ሊገነባ እንደማይችልም አስታወቀው። ጋንዲ መርፌውን እሺ ብሎ ስለ ወተቱ መሐላውን ጠቀሰ፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም በላምና በጎሽ ላይ የሚደርሰውን ግፍ ተናገረ። ይህን ጊዜ አልጋው አጠገብ ቆማ የነበረችው ካስቱርባ፣ እንዲህ ከሆነማ በፍየል ወተት ላይ ምን ተቃውሞ አለህ ስትል ጠየቀችው። ሐኪሙም የፍየል ወተት እንደሚበቃው ተናገረ።

ጋንዲም ተረታ። መሐላውን ሲምል በአሳቡ የነበሩት ላምና ጎሽ ብቻ መሆናቸውን ለራሱ አስረዳና የፍየል ወተት ጠጣ። ወጣት ሳለ ስለ እንቁላል የፈረደውን ፍርድ የሚያስታውስ አንባቢ፣ በዚህ ጊዜ ሚዛኑ መዛባቱን ያያል። ይህን ከማንም አስቀድሞ ያየው ግን ራሱ ጋንዲ ነው። በሕይወት ታሪኩ ውስጥ የመሐላውን ፊደል ጠብቆ መንፈሱን እንደ ገደለ ሳይሸሽግ ጽፏል። ያሸነፈው የወተቱ ጣዕም ሳይሆን የመኖር ፍላጎት ነበር፤ የሮውላትን ሕግ ለመቃወም የሚደረገው ትግል ይጠብቀው ነበርና። በኤፕሪል 1919 በዚህ ሕግ ምክንያት ሕንድ ሱቋን ዘግታ ስትነሣ፣ በመሪነት የቆመው ያ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላም መፈለጉን አልተወም። በ1929 እሳት ያልነካው ጥሬ ምግብ ብቻ በመብላት ሞከረ፤ ሰውነቱ አልስማማ ሲለው ሙከራው አለመሳካቱን በጋዜጣው አስታውቆ ወደ ፍየል ወተት ተመለሰ። በኖቬምበር 1931 ለንደን ተገኝቶ ለአትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር ሲናገር፣ በወጣትነቱ መጽሐፉን ያነበበለት ሄንሪ ሶልት በአዳራሹ ነበር። በዚያ ንግግሩ ለጤና ሲሉ ብቻ ሥጋ የሚተዉ ሰዎች እንደማይጸኑ፣ የሚያጸናው የኅሊና ምክንያት እንደሆነ አስረዳ። ዳሩ ግን አትክልት ተመጋቢዎች ስለ ምግብና ስለ በሽታ ብቻ ከማውራት እንዲታቀቡ፣ በሥጋ በሎችም ላይ እንዳይታበዩ መከራቸው። በ1942 በአጋ ካን ቤተ መንግሥት ታስሮ ሳለ ስለ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ወተት የእንስሳት ተዋጽኦ መሆኑን አልካደም። ወተትን የሚተካ ነገር ከዕፅዋት እንዲገኝ ያለውን ምኞትም ደጋግሞ ይገልጥ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1944፣ ዶናልድ ዋትሰንና ጥቂት ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር የቪጋን ማኅበርን መሠረቱ፤ ስሙንም ያወጡት እነርሱ ናቸው። ጋንዲ ጃንዩዌሪ 30 ቀን 1948 በነፍሰ ገዳይ ጥይት ወደቀ። በዚያው በ1948 በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚገኙ ተመራማሪዎች በየበኩላቸው ቪታሚን ቢ12ን ነጥረው አወጡ። ይህ ቪታሚን ደምን ለመሥራትና ነርቭን ለመጠበቅ የግድ ያስፈልጋል፤ የሚሠሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ሲሆኑ፣ ሰው በአስተማማኝ መጠን የሚያገኘው ከእንስሳት ምግብ፣ ቪታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከመድኃኒቱ ነው። በ1918 የጋንዲን ሕመም የመረመረ ማንም ሐኪም ስለዚህ ነገር ሊያውቅ አይችልም ነበር። ዛሬ እንደ ጋንዲ የማለ ሰው ቢመጣ መሐላውን ሳያፈርስ ሊረዳ ይችላል። ቢ12 በክኒን ወይም በመርፌ ይሰጠዋል፤ ጥራጥሬውና ለውዙ ይመጠንለታል፤ ደሙም በየጊዜው ይታያል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ነገሩ ባዕድ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን አጽዋማቱን ሁሉ ቢጠብቅ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይርቃል። ሽሮው፣ ምስሩና የኑግ ፍትፍቱ የዚህ ልማድ ፍሬዎች ናቸው። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። ጾም መያዣ እንዳለው ሁሉ መፍቻም አለው፤ ጉበት ያከማቸው ቢ12 ሁዳዴን ቀርቶ ዓመታትን ሊያሻግር ስለሚችል፣ አዘውትሮ የሚፍስክ ጤነኛ ሰው በጾም ወራት አይጎዳም። የእንስሳትን ምግብ ለዘለቄታው የተወ፣ ወይም በድኅነት ምክንያት ፍስክ ሲገባም የማይፍስክ ሰው ግን ክምችቱን የሚተካበት ጊዜ የለውም። ይልቁንም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ክምችቷ ካለቀ ጉዳቱ ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል።

በአዲስ አበባ እናቶች የሚወልዱበት አንድ ሆስፒታል በጋንዲ ስም ይጠራል። በዚያም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ከፊታችን የምትቀመጥ እናት የማትበላውን ነገር ስትነግረን፣ መጀመሪያ ልንጠይቃት የሚገባው ለምን እንደማትበላው ነው። ዶክተር ዳላል የሕመምተኛውን ምክንያት ባይጠይቅ ኖሮ ካስቱርባ መውጫውን ባላገኘችው ነበር። ኅሊናን ንቆ ወተት የሚያዝዝ ሐኪም ትእዛዙ ከበር አያልፍም፤ ኅሊናን ፈርቶ እውቀቱን የሚደብቅ ሐኪም ደግሞ ሕመምተኛውን ለብቻው ትቶታል። የባለሙያ ድርሻ ሁለቱን ማስታረቅ ነው።