ፍሎረንስ ናይቲንጌል፦ አስተማሪ ነርሶችን ያፈራች ሴት

ከመካከላችን የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ስም ያልሰማች ብትኖር ጥቂት ናት። ብዙዎቻችን የምናውቃት በሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኛ ወታደሮች መካከል በመመላለሷ ነው። ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ግን ከፋኖሱ በኋላ የመጣውንና ብዙ የማይነገርለትን ሥራዋን ነው፤ ይኸውም ነርስን የምታስተምር ነርስ ማፍራት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናይቲንጌል ከእንግሊዛውያን ባለጸጋ ቤተሰብ ሜይ 12 ቀን 1820 በጣልያን አገር፣ በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች፤ ስሟም ከከተማይቱ የተወሰደ ነው። በዚያ ዘመን ሕመምተኛ መንከባከብ የተናቀ ሥራ ስለነበር ቤተሰቦቿ ምኞቷን ለዓመታት ተቃወሙ። እሷ ግን አልተመለሰችም። በ1851 ጀርመን አገር ካይዘርስቬርት በሚባል ስፍራ ለሦስት ወር ያህል ተማረች፤ በ1853 ደግሞ ለንደን ውስጥ የታመሙ ሴቶች የሚታከሙበትን አነስተኛ ሆስፒታል ማስተዳደር ጀመረች።

በ1854 የክራይሚያ ጦርነት ሲካሄድ 38 ሴቶችን አስከትላ በኢስታንቡል አጠገብ ወደሚገኘው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄደች። በዚያ ክረምት ከቁስል ይልቅ በበሽታ የሞተው ወታደር በዛ። በ1855 የጸደይ ወራት ከመንግሥት የተላከው የጤና አጣሪ ቡድን የቆሻሻ መውረጃውን ካጸዳና አየር እንዲገባ ካደረገ በኋላ ሞቱ በጣም ቀነሰ። ናይቲንጌልም አኃዙን በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አስቀምጣ ለመንግሥት አሳየች፤ በ1858 የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። ከዚያ ሆስፒታል ሌላም ነገር ተምራ ተመለሰች። ይዛቸው ከሄደችው ሴቶች መካከል ሥራውን በትክክል የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። ቅን ልብ ብቻውን ሕመምተኛ እንደማያድን በዓይኗ አየች።

እኛ በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከታሪኳ በጣም የሚስበን ቀጥሎ ያለው ነው። በኖቬምበር 1855 እሷ ገና ጦር ሜዳ ሳለች ለንደን ላይ በስሟ መዋጮ ተጀመረ። ወታደሮች ሳይቀሩ የአንድ ቀን ደመወዛቸውን ሰጡ፤ የተሰበሰበውም ወደ 45,000 ፓውንድ ገደማ ደረሰ። በዚህ ገንዘብ አዲስ ሕንፃ ማቆም ይቻል ነበር። እሷና የገንዘቡ ጠባቂዎች ግን ዋናውን ገንዘብ አስቀምጠው ከእሱ በሚገኘው ገቢ በነባሩ የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሥራውም በጁን 1860 በ15 ተማሪዎች ተጀመረ።

ተማሪዎቹ የሚማሩት በአብዛኛው በዋርድ ውስጥ፣ በሕመምተኛው አልጋ ዳር ነበር። ማረፊያ፣ ምግብ፣ የደንብ ልብስና መጠነኛ የኪስ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ከገንዘቡ ክፍያ የሚደርሳቸው ሌሎችም ነበሩ፤ ሜትረኗ ወይዘሮ ሳራ ዋርድሮፐር፣ ትምህርት የሚሰጠው ሐኪምና የየዋርዱ ኃላፊ ነርሶች ስለ ማስተማራቸው ከደመወዛቸው በላይ ይከፈላቸው ነበር። የእያንዳንዷ ተማሪ ጠባይና የሥራ ችሎታም በየወሩ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ይመዘገብ ነበር። ዛሬ ፕሪሴፕተር የምንላት፣ የራሷን ሥራ እየሠራች አዲሷን ነርስ በእጇ ይዛ የምታለማምድ ባለሙያ፣ ሥራዋ በመዝገብ ላይ ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ይሁንና ነገሩ ሁሉ አልጋ ባልጋ አልሆነም። ናይቲንጌል ከጦርነቱ በኋላ ጤናዋ ስለታወከ ትምህርት ቤቱን የምትከታተለው አብዛኛውን ጊዜ ከቤቷ ሆና በደብዳቤ ነበር። በ1871 ሆስፒታሉ ወደ አዲሱ ትልቅ ሕንፃ ሲዛወር የሕመምተኛው ቁጥር ጨመረ። እሷም ጠጋ ብላ ስትመረምር ያገኘችው የሚያስደስት አልነበረም። ሐኪሙ ትምህርት መስጠቱን ትቷል፤ ብዙዎቹ የዋርድ ኃላፊዎች እየተከፈላቸው አያስተምሩም፤ ተማሪዎቹም የሠራተኛ ጉድለት መሙያ ሆነዋል። ቅጹ ይሞላል፤ ትምህርቱ ግን የለም።

ናይቲንጌል ይህን ስታይ ትምህርት ቤቱን አልዘጋችውም፤ ጉዳዩን አድበስብሳም አላለፈችውም። ሐኪሙ በሌላ ተተካ። ተማሪዎቹን ከዋርድ ውጭ የምታስጠናና የምትከታተል አንዲት ነርስ ለዚሁ ሥራ ብቻ ተመደበች። ናይቲንጌል ራሷም ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቤቷ እየጠራች ታነጋግር፣ የቀን ማስታወሻቸውንም ታነብ ጀመር። የተመረቀች ነርስ ሁሉ በሄደችበት ሌሎችን እንድታሠለጥን ትፈልግ ስለነበር አስተማሪዋ ከተበላሸች ጉዳቱ በአንድ ሆስፒታል እንደማይቀር ታውቃለች።

እንዳሰበችውም ተመራቂዎቿ ተበተኑ። አግነስ ጆንስ በ1865 ወደ ሊቨርፑል የድሆች ሆስፒታል ሄደች፤ ይህን ሥራ በገንዘቡ የደገፈው ዊልያም ራትቦን የሚባል ነጋዴ ነበር። አግነስ በዚያ ነርሶችን ስታሠለጥን ቆይታ በ1868 በተስቦ በሽታ በ35 ዓመቷ አረፈች። በዚያው ዓመት ሉሲ ኦስበርን አምስት ነርሶችን ይዛ አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ገባችና ማሠልጠን ጀመረች። አንጀሊክ ፕሪንግል በኤድንብራ፣ አሊስ ፊሸር ደግሞ ከ1884 ጀምሮ በአሜሪካ በፊላደልፊያ ይህንኑ ሥራ ሠሩ። ናይቲንጌል በኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ ስታርፍ የሥራዋ ፍሬ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር።

የእኛም አገር ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ነርስነትን የተማሩት በዚያችው በለንደን ከተማ ነበር። በ1942 በለጋ ዕድሜያቸው ካረፉ በኋላም በአዲስ አበባ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ነርሶችን አሠልጥኗል።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ነርስ ለማስተማር የሚቀርብ በጀት ሲደርሰን ብዙ ጊዜ የምናየው የተማሪ ክፍያ፣ የመጽሐፍና የደንብ ልብስ ወጪ ነው። ለአስተማሪዋ ነርስ የተመደበ መስመር ግን አለ ወይ? ተማሪ በያዘችበት ቀን የሚያግዛት ሰው፣ የማስተማር ዘዴ የምትማርበት ጊዜ፣ ለተጨማሪ ድካሟ የሚከፈል አበል ተይዞላታል? ከተከፈላትስ ማስተማሯን ዋርድ ድረስ ሄዶ የሚያይ ሰው አለ? በ1860 ክፍያው ነበረ፤ ቁጥጥሩ ግን ላላ። በ1872 ገደማ ቁጥጥሩ ሲታከልበት ትምህርቱ ነፍስ ዘራ። አባሎቻችን የሆናችሁ ነርሶች፣ ተማሪ ሲሰጣችሁ ይህን መጠየቅ እንደ ስስት አይቆጠርባችሁ። ገንዘብ የምንይዘው እኛም ደረሰኙን ከማመሳከር አልፈን ተማሪዋ ምን እንደተማረች እንጠይቅ።