የሎቲ ሙን ዕረፍትና የሴቶቹ መዋጮ

የማኅበራችንን ገቢና ወጪ የምመዘግበው እኔ ስለሆንኩ የሰው የሕይወት ታሪክ ሳነብም ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ገንዘቡ ላይ ነው። ማን አዋጣ? ለምን ዋለ? ዛሬ የማካፍላችሁ የአንዲት አሜሪካዊት መምህርት ታሪክ ነው። ስሟ ሎቲ ሙን ይባላል፤ ዕድሜዋን የጨረሰችው በቻይና በማስተማርና ወንጌል በመስበክ ነው። አባሎቻችን የተለያየ እምነት ያለን ስለሆንን ስለ ስብከቷ ብዙ አልልም። እኔን የያዘኝ በእርሷ ደብዳቤ ምክንያት የሀገሯ ሴቶች ያዋጡት 3,315 ዶላርና የተዋጣበት ጉዳይ ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሎቲ በታኅሣሥ 1840 በቨርጂኒያ ግዛት፣ አልበማርል በተባለ አውራጃ ተወለደች። ቤተሰቡ ሰፊ የእርሻ መሬት ነበረው፤ መሬቱን የሚያርሱት ደግሞ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ለሎቲና ለእኅቶቿ ትምህርት የተከፈለው ገንዘብ የእነዚያ ሰዎች ጉልበት ነው፤ በየትኛውም መዝገብ ግን በስማቸው አልተጻፈም። አባቷ የሞተው እርሷ ገና ልጅ ሳለች ነው። እናቷ ግን ሴቶች ልጆቿን ከማስተማር ወደኋላ አላለችም። ታላቅ እኅቷ ኦሪያና ሴት ሐኪም እንደ ብርቅ በሚታይበት ዘመን በሕክምና ተመረቀች። ሎቲ ደግሞ ላቲን፣ ግሪክና ፈረንሳይኛን ጨምሮ ብዙ ቋንቋዎችን አጥንታ በ1861 የማስተርስ ዲግሪ ተቀበለች፤ በአሜሪካ ደቡብ ይህን ዲግሪ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት።

በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ሲያበቃ የቤተሰቡ ሀብት አልቆ ነበር፤ ሎቲም በደመወዝ ማደር ነበረባት። ኬንታኪ ውስጥ አስተማረች፤ በኋላም ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በጆርጂያ፣ ካርተርስቪል በምትባል ከተማ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ይዞ ነበር። በ1872 ግን ታናሽ እኅቷ ኤድሞኒያ በደቡብ ባፕቲስቶች የውጭ ሚሲዮን ቦርድ ተቀጥራ ወደ ሰሜን ቻይና ሄደች። በዓመቱ፣ በ1873፣ ሎቲም ሥራዋን ትታ ተከተለቻት። ያኔ 32 ዓመቷ ነበር።

የደረሰችው በሻንዶንግ ግዛት ባሕር ዳርቻ ባለችው በቴንግቾው ከተማ ነው። ቁመቷ በጣም አጭር ነበር፤ ጥንካሬዋ ግን ያስገርማል። ቋንቋውን ተምራ ሴት ልጆችን ማስተማር ጀመረች። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብዙ ወላጆችን አያሳስብም፤ የሚያሳስባቸው እግሯ በልጅነቷ ተጠፍሮ ትንሽ ሆኖ መቅረቱና ባል ማግኘቷ ነበር።

ኤድሞኒያ የቻይናን ኑሮ አልቻለችውም። አካሏም መንፈሷም ተጎዳ። ስለዚህ በ1876 ሎቲ እኅቷን ይዛ ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰች። የሎቲ የመጀመሪያው የሀገር ቤት ጉዞ ዕረፍት ሳይሆን ማስታመም ነበር ማለት ነው። እኅቷን አድርሳ በ1877 ብቻዋን ወደ ቻይና ተመለሰች። ሀገሯን እንደገና ለማየት ከዚያ በኋላ 14 ዓመት ፈጀባት።

ለምን እንደዚያ ዘገየች? በዘመኑ ለሚሲዮናውያን የተወሰነ የዕረፍት ፈቃድ አልነበረም። የታመመ ይመለሳል፣ ያልታመመ እስኪታመም ይሠራል። ሎቲ ይህን አሠራር በግልጽ ተቃወመች። ከአሥር ዓመት አገልግሎት በኋላ ሰው ሀገሩ ገብቶ እንዲያርፍ ደንብ ይውጣ ብላ ደጋግማ ጻፈች፤ ያላረፈ ሠራተኛ ዕድሜው እንደሚያጥር ባልደረቦቿን በመቅበር አይታዋለች። ለራሷ ግን ተተኪ አልነበራትም። ብትሄድ ሥራው ይዘጋል።

ሌላም የሚያንገበግባት ነገር ነበር። በ1883 ባሳተመችው ጽሑፍ የተማሩ ሴቶች ባሕር አቋርጠው መጥተው ጥቂት ሕፃናት ፊት ተወስነው እንዲቀሩ መደረጉን ነቀፈች። ሴቶች በሚሲዮኑ ስብሰባ ላይ እንደ ወንዶቹ እኩል ድምፅ እንዲኖራቸው ጠየቀች፤ በጉዳዩ ሥራዋን እስከ መልቀቅ እንደምትደርስም አሳወቀች። በ1885 ደግሞ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ መሐል አገር፣ ወደ ፒንግቱ ከተማ ሄደች። መንገዱ በሁለት በቅሎ መሐል በተንጠለጠለ ቃሬዛ ብዙ ቀን የሚያስኬድ ነው። በአካባቢው ሌላ ነጭ አልነበረም። እንደ ቻይና ሴቶች ለበሰች፣ ቤት ተከራየች፣ ጠባቧን ወጥ ቤቷን ሥራ አስጀመረች። ሰዎቹ መጀመሪያ እንደ ሰይጣን ስለፈሯት ብስኩት እየጋገረች ልጆቹን አለመደቻቸው። ልጆቹን ተከትለው እናቶቻቸው መጡ። (የጎረቤት ልጅ በቆሎ ወይም ዳቦ ይዞ ከተመለሰ እናቱ ማን እንደሰጠው ሳትጠይቅ የምትቀር አይመስለኝም።)

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በ1887 ከቻይና ወደ ሚሲዮኑ መጽሔት ደብዳቤ ጻፈች። የሜቶዲስት ሴቶች ተደራጅተው ምን ያህል እንደሠሩ አነሣችና የእኛዎቹስ ለምን አይደራጁም ብላ ጠየቀች። ከገና በፊት ያለው ሳምንት የጸሎትና የመዋጮ ሳምንት ይሁን የሚል ሐሳብም አቀረበች። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ብዙ ወንዶች መሪዎች ሴቶች የራሳቸው ማኅበር እንዲኖራቸው አይፈልጉም ነበር። ነገ ደግሞ መድረክ ላይ ይወጣሉ ብለው ይሰጋሉ። ያም ሆኖ በግንቦት 1888 ሴቶቹ ሪችመንድ ከተማ ተሰብስበው የሴቶች ሚሲዮን ኅብረትን አቋቋሙ። ጸሐፊያቸው የባልቲሞሯ አኒ አርምስትሮንግ ስትሆን ደመወዝ አልቀበልም አለች።

ሎቲ በዚህ ጊዜ ያለ ዕረፍት 11 ዓመት ሠርታለች። አኒ አርምስትሮንግ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያው የገና መዋጮ ዓላማ አገኘችለት፦ ሎቲ እንድታርፍ የሚያግዟትን ሴቶች ወደ ቻይና መላክ። የታቀደው 2,000 ዶላር ነበር። ለየአብያተ ክርስቲያናቱ ሴቶች በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ተላከ፤ ከየቤቱ ሳንቲም ሳንቲም እየተባለ መጣ። ሲቆጠር 3,315 ዶላር ሆነ፤ ሦስት ሴቶችን ለመላክ በቃ።

እኔ ይህን ቁጥር ሳይ የሚታየኝ የእኛው የመዋጮ ዝርዝር ነው። ትልቁን ቼክ ለማመስገን ደብዳቤ እናዘጋጃለን፤ ትንንሾቹን ግን በአንድ መስመር ደምሬ የጻፍኩበት ወር አለ። አሁን እያንዳንዱን በስሙ እጽፋለሁ።

ረዳቶቹ መጡ፤ ሎቲ ግን ወዲያው አልሄደችም። ቋንቋውንና ሥራውን እስኪለምዱ ልጠብቅ አለች። በመጨረሻ ቨርጂኒያ የገባችው በ1891 ነው። ደክማ ነበር፤ ራስ ምታት ያሠቃያት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ ተመለሰች። ከዚያ የቻይናና የጃፓን ጦርነት መጣ። በ1900 ደግሞ ቦክሰሮች የተባሉት በውጭ ሰዎች ላይ ሲነሡ ወደ ጃፓን ሸሽታ እዚያ እንግሊዝኛ እያስተማረች ቆየች። አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ወደ ሀገሯ ሄዳ በ1904 ወደ ቴንግቾው ተመለሰች። ዘመዶቿ ጡረታ ወጥታ እነርሱ ዘንድ ብትቀመጥ ደስ ባላቸው። እርሷ ግን ቤቴ የምትለው ቻይናን ነበር፤ ቨርጂኒያ የምትጎበኘው ሀገር ሆናለች።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በ1911 አብዮት ፈነዳ፤ ረሀብና በሽታም አብረው ገቡ። ሎቲ ወደ አሜሪካ እርዳታ እያለች ጻፈች። ቦርዱ ግን ዕዳ ውስጥ ነበር፤ ለረሀቡ የሚልከው አልነበረውም። ከኪሷ ሰጠች፣ ያጠራቀመችውንም አውጥታ ሰጠች። እየከሳች ሄደች፤ ሐሳቧም መበታተን ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ምግቧን ለተራቡት ሰጥታ እርሷ በረሀብ ሞተች የሚለው ታሪክ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። በቅርብ ጊዜ ሕይወቷን ያጠኑ የታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ይህ ክፍል ከሞተች በኋላ የተጋነነ ነው ይላሉ። እኔ ለገንዘብ አሰባሰብ ሲባል የሰው ሞት ሲያምር አልወድም። አርጅታ፣ ታምማና ተጨንቃ ነበር፤ ያም በቂ ነው።

ባልደረቦቿ ሁኔታዋን አይተው ከአንዲት ነርስ ጋር ወደ ሀገሯ እንድትመለስ በመርከብ አሳፈሯት። አሜሪካ አልደረሰችም። መርከቡ በጃፓን ኮቤ ወደብ እንደቆመ፣ በታኅሣሥ 24 ቀን 1912፣ በ72 ዓመቷ ዐረፈች። ቀኑ የፈረንጆች ገና ዋዜማ ነበር፤ መዋጮው ይሰበሰብ ብላ በጠየቀችበት ወቅት መሆኑ ነው። አስከሬኗ እዚያው ጃፓን ተቃጥሎ አመዱ ወደ ቨርጂኒያ ተልኮ ክሩ በምትባል ከተማ ተቀበረ።

በ1918 አኒ አርምስትሮንግ ባቀረበችው ሐሳብ የገናው መዋጮ በሎቲ ሙን ስም ተሰየመ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይሰበሰባል፤ በጠቅላላው ከቢሊዮን ዶላር በላይ አልፏል።