ኢጎር ሲኮርስኪ፦ ሄሊኮፕተር ለማብረር 30 ዓመት የጠበቁት መሐንዲስ

የአሜሪካ ማሪን ኮር ሲኤች-53ኬ የተባለውን አዲስ ከባድ ጭነት አንሺ ሄሊኮፕተር በእጁ ለማስገባት ብዙ ዓመታት ጠብቋል። የልማት ውሉ የተፈረመው እ.አ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ሄሊኮፕተሩ በ2015 ሥራ እንዲጀምር ታቅዶ ነበር። ሆኖም በዚያ ዓመት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ መብረሩ ነበር፤ ለግዳጅ ብቁ ነው የተባለው በ2022 ነው። የ200 ሄሊኮፕተሮቹ አጠቃላይ ወጪም ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። አምራቹ ኩባንያ ስሙን የወረሰው ግን የመዘግየትንም የመቸኮልንም ዋጋ በሕይወታቸው ከከፈሉ ሰው ነው።

ኢጎር ሲኮርስኪ እ.አ.አ. በ1889 በኪየቭ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ በወቅቱ በሩሲያ ዘውዳዊ ግዛት ሥር ነበረች። አባታቸው የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። ሕክምና የተማሩት እናታቸው ደግሞ ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የበረራ ንድፎች ይነግሯቸው ነበር። ልጁ ገና በ12 ዓመታቸው በላስቲክ ኃይል የምትነሳ ትንሽ ሄሊኮፕተር ሠሩ።

በ1909 እህታቸው ኦልጋ በሰጧቸው ገንዘብ ወደ ፓሪስ ተጉዘው 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገዙ። በዚያው ዓመት የሠሩት ሄሊኮፕተር ከመሬት አልተነሳም። በ1910 የሠሩት ሁለተኛው የራሱን ክብደት ቢያነሳም ሰው መሸከም አቃተው። ወጣቱ መሐንዲስ የዘመኑ ሞተሮች ከሚሰጡት ጉልበት ይልቅ ክብደታቸው እንደሚያመዝን ተረዱ። ስለዚህ ሕልማቸውን ሳይተዉ ሥራውን ግን ወደ ጎን አኖሩት።

ፊታቸውን ወደ አውሮፕላን አዞሩ። አንድ ጊዜ በነዳጅ ውስጥ የገባች ትንኝ ሞተር አጥፍታባቸው ከአደጋ ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ከአንድ በላይ ሞተር እንደሚያሻው አመኑ፤ በ1913ም ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን አበረሩ። የሩሲያ አብዮት ግን ሁሉንም አፈረሰው። በ1918 አገራቸውን ጥለው ወጡ፤ በፈረንሳይ በኩልም በ1919 ኒው ዮርክ ገቡ። በዚያ ስደተኛ ወገኖቻቸውን ሒሳብ እያስተማሩ ኖሩ። በ1923 ሎንግ አይላንድ ውስጥ በአንድ የዶሮ እርባታ ቅጥር ግቢ ኩባንያቸውን መሠረቱ። ስደተኛው የሙዚቃ ሊቅ ሰርጌ ራህማኒኖፍ 5,000 ዶላር አውጥተው አክሲዮን በመግዛት ደገፏቸው።

መራራው ቀን በ1926 መጣ። ከኒው ዮርክ ፓሪስ ያለማቋረጥ ለሚበር የ25,000 ዶላር ሽልማት ተዘጋጅቶ ነበር። ሲኮርስኪ ለዚህ ጉዞ የሠሩት አውሮፕላን በሙሉ ጭነት ሳይፈተን፣ ከመጠን በላይ ነዳጅ ተሸክሞ ለመነሳት ሞከረ። ከመሬት ሳይለቅ ተከሰከሰና ነደደ፤ ከአራቱ ተሳፋሪዎች ሁለቱ ሞቱ።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ባሕር ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖቻቸው ገዢ አጡ። ኩባንያቸው ሊዘጋ ሲቃረብ የበላይ ኃላፊዎቹን ሄሊኮፕተር እንዲሠሩ እንዲፈቅዱላቸው ጠየቁ። ከመጀመሪያው ሙከራቸው 30 ዓመት በኋላ፣ በ1939፣ ቪኤስ-300 በገመድ እንደታሰረ ለሰከንዶች ከመሬት ተነሳ፤ አብራሪውም ራሳቸው ነበሩ። ያለ ገመድ የበረረው በ1940 ነው። ወደ ፊት በሥርዓት እንዲበርም ንድፉን ደጋግመው ቀየሩ። ተከታዩ አር-4 በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተር ሆነ፤ በ1944ም በበርማ ጫካ ቁስለኞችን አዳነ።

ሲኮርስኪ በ1957 ጡረታ ቢወጡም በራሪ ክሬን የመሥራት ሐሳባቸውን አልተዉም። በ1962 የበረረው ኤስ-64 ወደ ዘጠኝ ቶን ያነሳ ነበር። በ1964 ደግሞ የሲኤች-53 ቤተሰብ የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር በረረ። መሐንዲሱ በ1972 በ83 ዓመታቸው አረፉ።

የዛሬው ሲኤች-53ኬ ከ16 ቶን በላይ አንጠልጥሎ እንዲያነሳ ታስቦ የተሠራ ነው። የመጀመሪያ በረራውን ካዘገዩት ምክንያቶች አንዱ የሞተሮቹን ኃይል ወደ ተሽከርካሪዎቹ ክንፎች የሚያስተላልፈው ዋናው ማርሽ በምድር ላይ ፍተሻ ያሳየው ጉድለት ነው። በ2021 ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ የወደቀ ሌላ ሄሊኮፕተር አንስቶ አወረደ። በ2025 የአሜሪካ ጦር እስከ 99 የሚደርሱ ሄሊኮፕተሮች ለመግዛት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ውል ፈረመ። እስራኤልም 12 አዛለች።

በ1910 ሙከራው ሲከሽፍ ኪሳራው የአንድ ቤተሰብ ነበር፤ ዛሬ ሒሳቡን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ኦዲተሮች እያንዳንዱን የዘገየ ዓመት መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ይሁንና በምድር ላይ የተገኘ ጉድለት ወታደሮች ተሳፍረው በአየር ላይ ከሚገኝ ጉድለት ይሻላል። የሲኮርስኪ ሕይወት መዘግየትን ሁሉ አያጸድቅም፤ እሳቸው ሲጠብቁ ምን እንደጎደላቸው ያውቁ ነበር። በ1926 ግን ያንን ለማወቅ የሚያስችለው ፍተሻ ሳያልቅ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሞከረ፤ ዋጋውንም ሁለት ሰዎች በሕይወታቸው ከፈሉ።